ክብርት አንድ ጥያቄ እና አላልቅ ያለው ግስ

ስብሰባ የሚያልቀው ሰብሳቢው «አመሰግናለሁ» ሲል አይደለም። ሰብሳቢውማ ምስኪን ነው፤ ሲያመሰግን ይውላል። ስብሰባ የሚያልቀው አንድ ሰው ሲፈቅድ ብቻ ነው። ያ ሰው ሁልጊዜ ከመሀል ትንሽ ወደ ኋላ ይቀመጣል። ስብሰባው በሚጦፍበት ሰዓት አንድ ቃል አይተነፍስም። ሁላችንም ቦርሳችንን አንጠልጥለን ብድግ ልንል ስንል ግን እጁን ያወጣና «አንድ ጥያቄ ብቻ» ይላል። «ብቻ» የምትለዋን አትመኗት።

ይህን ሰው ታውቁታላችሁ። የወላጆች ስብሰባ ላይ አለ፣ የተከራዮች ስብሰባ ላይ አለ። ሐኪም ቤት ከእናንተ ቀድሞ የገባው እሱ ነው፤ በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን ካወጣ በኋላ «ለመሆኑ ዶክተር» ብሎ ተመልሶ የሚቀመጠውም እሱ ነው። በዕድሜዬ ብዙ እንዲህ ዓይነት ሰው አጋጥሞኛል። ሁሉም ግን ተራ ወታደሮች ናቸው። ከጦሩ ጠቅላይ አዛዥ፣ ከክብርት አንድ ጥያቄ ጋር፣ በወጣትነቴ አብሬ ሠርቻለሁ።

ያኔ አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ስልክ ማዞሪያ ላይ ነበርኩ። ክፍሌ ከእንግዳ መቀበያው ጎን ያለች፣ እኔ ከገባሁ በሩ የማይዘጋ፣ በሩ ከተዘጋ እኔ የማልገባባት ጠባብ ነገር ናት። ክብርት አንድ ጥያቄ ደግሞ ምድር ቤት ያለው የልብስ መጠገኛ ኃላፊ ነበሩ። የተቀደደ አንሶላ፣ የተተረተረ መጋረጃ፣ ኪሱ የተገነጠለ የደንብ ልብስ በሙሉ በእጃቸው ያልፋል። መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል፣ የኮታቸው ኮሌታ የመርፌ መሰኪያ ነው። መርፌ እንዳይወጋቸው መሀል ጣታቸው ላይ የሚያጠልቋትን ትንሽ የብረት ቆብ ቤታቸው ሲሄዱ እንኳ የሚያወልቋት አይመስለኝም። እጃቸውን ሲያወጡ አምፖሉ ስር ቀድማ ብልጭ የምትለው እሷ ናት። ያቺ ብልጭታ ስትታይ ቤቱ በሙሉ በረጅሙ ይተነፍሳል።

ከዕለታት አንድ ቀን ሆቴሉ ባለቤት ቀየረ። አዲስ ባለቤት አዲስ መመሪያ ሳይዝ አይመጣም፤ የኛው ይዞ የመጣው እንግሊዝኛ ነበር። ከእንግዳ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኝ ሠራተኛ ሁሉ ከውጭ በሚመጣ ፈታኝ ፊት ቀርቦ በቃል ይጠየቃል ተባለ። የወደቀ አይባረርም፤ እንግዳ ወደማያይበት ወደ ምድር ቤት ይወርዳል፣ ልብስ ማጠቢያ ወይም ቦይለር ክፍል። ለብዙዎቻችን ነገሩ ራስ ምታት ነበር። ለጋሼ በር ግን የሞት ሽረት ነበር።

ጋሼ በር የዋናው በር ሰው ናቸው። ዱላ ይዘው ጥግ የሚቀመጡ ጥበቃ እንዳይመስሏችሁ። ወርቅማ ቁልፍ በሁለት ረድፍ የተደረደረበት ረጅም ካፖርት ለብሰው ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ የመኪና በር ሲከፍቱ የሚወርደው ሰው ሳያስበው ትከሻውን ያስተካክላል። እንግሊዝኛቸው «ዌልካም» እና «ታክሲ» ነው፤ በሁለቱ ቃል ዕድሜያቸውን በክብር ኖረውበታል። መመሪያው የወጣ ዕለት በክፍሌ መስኮት አጎንብሰው፣ የካፖርታቸውን ቁልፍ በአውራ ጣታቸው እያሻሹ፣ «ልጄ፣ ሥራ ፈርቼ አይደለም። ሰው ሳላይ መዋል አልችልም» አሉኝ።

ትምህርት ተከፈተ። ከሥራ በኋላ፣ ገና ሙቀቱ ባልወጣለት መተኮሻ ክፍል ውስጥ። ጥቁር ሰሌዳችን ከአሮጌ ቁም ሣጥን የተነቀለ በር ነው፣ ወንበራችን የታሰረ አንሶላ። መምህራችን ቀኑን ሙሉ ሌላ ቦታ ሲያስተምር ውሎ የሚመጣ፣ ዓይኑ በድካም የቀላ ወጣት ነበር። በእጁ አንድ መማሪያ መጽሐፍ አለ፤ በልቡ ያለው ምኞትም አንድ ነው፣ መጽሐፉን ከፈተናው በፊት መጨረስ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምዕራፎች እንደ ውሃ ፈሰሱ። አራተኛው ላይ «ጌት» ከሚባል ግስ ጋር ተላተምን።

መምህሩ ሰሌዳው ላይ «ጌት፤ ማግኘት» ብሎ ጻፈ። ጋሼ በር ስለ ራሳቸው በር የተነሳ መስሏቸው ከኋላ ቀና አሉ፤ በር የሚባለው «ጌት» ሌላ ቃል መሆኑ ሲነገራቸው ተመልሰው አቀረቀሩ። መምህሩ ገጹን ሊገልጥ ሲል ብልጭታዋ ታየች።

«መምህር፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። ማግኘት ከሆነ፣ አልጋ ልታነጥፍ የገባችዋን ልጅ እንግዳው ‹ጌት አውት› ያላት ምን አግኚ ብሏት ነው?»

መምህሩ ያ «ውጪ» ማለት እንደሆነ አስረዳ። ክብርትነታቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደስ አለን። ግን እጃቸው አልወረደም። እንግዲያው ጌት መውጣት ነው ማለት ነው? አይደለም፣ «አውት» ሲከተለው ነው። ‹ኢን› ሲከተለውስ? መግባት። ‹አፕ› ሲከተለውስ? መነሣት። ምንም ሳይከተለውስ? ማግኘት፣ አለ መምህሩ፣ ወደ በሩ እያየ። ያን ምሽት ገጹ አልተገለጠም።

በማግስቱም አልተገለጠም። ክብርትነታቸው «ጌት ዌት» ማለት መርጠብ እንደሆነ ከሆነ ቦታ ሰምተው መጥተዋል። ዝናብ የመታው ሰው ምን አገኘ እንደሚባል ይጠይቃሉ። እሺ፣ እርጥበት አገኘ እንበል። «ጌት ሎስት»ስ? መንገድ ጠፍቶት የሚንከራተት ሰው መጥፋትን አገኘ እንዴት ይባላል? ከዚያ ደግሞ «ጌት ኦልድ» መጣ። «እርጅናን ማንም ፈልጎ አያገኘውም፤ ራሱ ነው ሰውን የሚያገኘው» አሉ፤ መምህሩም ይህን በመጽሐፉ ውስጥ አላገኘውም። የሁሉም ቁንጮ ግን «ጌት ሪድ» ነበር። ማስወገድ ማለት እንደሆነ በሰሙ ጊዜ ቆመው ቀሩ። ማግኘትንም ማስወገድንም በአንድ ቃል የሚጠራ ሕዝብ ዕቃው እንዴት እንደማይጠፋበት ከልባቸው ገርሟቸው ነበር። መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጠ።

አንድ ጊዜ ትዕግሥቱ አልቆ እንዲህ ብሎ ሞገታቸው። የእኛስ «ያዘ»? ጉንፋን ይይዛል፣ ፖሊስ ይይዛል፣ ሰው ቂም ይይዛል፣ ቀጠሮ ይይዛል፣ ሥራ ይይዘናል፣ ትምህርት አልይዝ ይለናል። «እትዬ፣ እሱንስ ለምን አይጠይቁም?» አላቸው።

ክብርትነታቸው በጥሞና አሰቡ። «እሱንማ ተኝቼ ነው የተማርኩት፣ እናቴ ጡት ስር። ይኼን ግን ነቅቼ ነው የምማረው። የነቃ ሰው ይጠይቃል» አሉ።

እውነቱን ለመናገር እኔ ግሱ ይዞኝ ነበር፤ በየትኛው አያያዝ እንደሆነ እናንተ ፍረዱ። ቀኑን ሙሉ ማዞሪያው ላይ ጆሮዬ ከእሱ በቀር ሌላ አይሰማም። ሆን ብዬ አላዳምጥም፤ ጆሮዬ እዚያው ስለሚውል ነው። አንዱ እንግዳ በጌት ባቡር ይሳፈራል፣ አንዷ በጌት ትታመማለች፣ ሌላው በዚያው በጌት የተነገረው ነገር ይገባዋል። ከሚስቱ ጋር የተጣላ አንድ ሰው ደግሞ በጌት ይታረቃል። እነዚህ ሰዎች ይህ ቃል አንድ ቀን ቢታመምባቸው አፋቸው የሚዘጋ መሰለኝ። ድሮ ፈተና ለማለፍ የገባሁበት ክፍል፣ አሁን ነገ ምን ይጠየቅ ይሆን ብዬ የምጓጓበት ሆነ።

ይበልጥ ያጓጓኝ ግን ሌላ ነገር ነበር። ክብርት አንድ ጥያቄ የሚውሉት ምድር ቤት ነው። እንግዳ አያዩም፤ አንሶላ ደግሞ አይናገርም። ታዲያ ይህን ሁሉ «ጌት» ከየት ነው የሚለቅሙት? ደግሞስ ፈተናው እሳቸውን በጭራሽ አይመለከትም። ምድር ቤት ያለ ሰው ወደ የት ምድር ቤት ሊወርድ ነው?

ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ብቻ አልነበርኩም የማስበው። ፈተናው ሲቃረብ የአስተናጋጆቹ አለቃ፣ ዕድሜ ልኩን ትሪ ተሸክሞ አንገቱ ቀጥ ያለ ሰውዬ፣ በክፍሉ መሀል ተነሣ። እትዬን እንደሚያከብር፣ ግን ገና አብዛኛው መጽሐፍ እንደሚቀረን፣ ፈተና የማይፈተን ሰው ፈተና ያለበትን ሰው ጊዜ መብላት እንደሌለበት ተናገረ። አንሶላው ላይ የተቀመጠው ሁሉ አጉረመረመ። መምህሩ ፊቱ ቀላ፤ እትዬ ጥያቄያቸውን መጽሐፉ እስኪያልቅ ቢያቆዩለት በትሕትና ለመነ። ክብርትነታቸው የብረት ቆባቸውን ከጣታቸው አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ።

ከዚያ በኋላ ትምህርቱ በረረ። አምስተኛው ምዕራፍ፣ ስድስተኛው፣ ሰባተኛው። መምህሩ «ገባችሁ?» ይላል፣ እኛ «ገባን» እንላለን፣ ገጹ ይገለጣል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ በእኛ አፍ እንግሊዝኛም አልገባ አለ። ግራና ቀኝ ስመለከት ፊት ሁሉ እንደተተኮሰ አንሶላ ልሙጥ ነው። ጋሼ በር ከኋላ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው «ገባኝ» እያሉ ይነቀንቃሉ፤ በየቀኑ ግን ወንበራቸው ላይ እየጠበቡ ሄዱ። ሰሞኑን ደግሞ ያስላቸዋል፣ ፊታቸውም ጠቁሯል።

ያኔ ነው አንድ ነገር ያየሁት። የጋሼ በር ካፖርት ቁልፍ ይጎድላል። ዛሬ ከላይ ይጎድላል፣ ነገ ተተክቶ ከታች ይጎድላል። በዚያ በር ላይ ስንት ዓመት ሲቆሙ አንድ ክር ያልላላባቸው ሰውዬ በዚያ ወቅት ቁልፋቸው እንደ ጥርስ መርገፍ ጀመረ። እሳቸውም ቁልፏን በመዳፋቸው ጨብጠው ወደ ምድር ቤት ይወርዳሉ።

የጆሮ ማዳመጫዬ ስፖንጅ የተሸፈነበት ጨርቅ ተቀዶ ነበር። ይህን ሰበብ አድርጌ ወረድኩ። መጠገኛው ክፍል ልብስ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተሰቅሏል፤ እንዲያ ተጣቦ አይቼው አላውቅም። የሊፍት ሠራተኛው ሱሪ፣ አልጋ የምታነጥፈዋ ልጅ ሽርጥ፣ የእንግዳ ተቀባዩ ሰደርያ። ጥግ ላይ ደግሞ ኪሱ በጥንቃቄ የተተረተረ የአስተናጋጆቹ አለቃ ጃኬት። ጋሼ በር በሸሚዝ ቆመው ከክብርት አንድ ጥያቄ ጋር በሹክሹክታ ያወራሉ፤ በሩ ላይ መቆሜን አላዩም።

«እትዬ፣ ሳልኩና እንግዳው ዞር ብሎ አየኝ። ‹ጌት ዌል ሱን› አለኝ። ‹ሱን› ቶሎ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ» አሉ ጋሼ በር። «ጌት አውት ካሉት ወገን ይሆን? ቶሎ ውጣልኝ ብሎኝ ይሆን? ላለቃው ቢናገርብኝስ?»

ክብርትነታቸው ቁልፏን እየተከሉ ቀና አላሉም። ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ፣ ካፖርቱን አራግፈው ሰጧቸው። «እኔም አላውቀው። አጣራለሁ» አሉ።

ጋሼ በር ከወጡ በኋላ ገባሁ። ጥያቄዎቹ በሙሉ የሌላ ሰው ነበሩ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። አልካዱም። ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ እጁን ለማውጣት ያፍራል፤ እንዲህ እያለ ኪሱን ይተረትራል፣ ቁልፉን ይበጥሳል፣ ከጨርቁ ጋር ጥያቄውን አስቀምጦ ይሄዳል። እሳቸው ሁለቱንም ይቀበላሉ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው፤ ጥያቄው የሌላ፣ ማጉረምረሙ የእሳቸው። ለምን የእገሌ ነው አይሉም አልኳቸው።

«እኔን ይሰለቹኛል፤ እሱን ግን ይስቁበታል» አሉ። «መሰልቸት ለምጄዋለሁ፣ አያመኝም።» ቀጥለው መነጽራቸውን አውልቀው ኮስተር አሉ። «‹ጌት ሪድ› ግን የራሴ ነው። አሁንም አልገባኝም።»

ያን ምሽት መምህሩ ስምንተኛውን ምዕራፍ ሊጀምር ሲል ብልጭታዋ ታየች። ክፍሉ አጉረመረመ፤ የአስተናጋጆቹ አለቃ «እትዬ፣ ተነጋግረን አልነበረም?» አለ። እሳቸው ሰሙም አልሰሙም፤ እጃቸው እንደተሰቀለ ቆየ። በመጨረሻ መምህሩ ይሁን አለ።

«ሳል ይዞኝ ሳለ አንድ ሰው ‹ጌት ዌል ሱን› አለኝ። ተቆጥቶኝ ነው?» አሉ፤ ሳል የሚባል ነገር አልነበራቸውም።

መምህሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «አይ፣ እትዬ። ‹ቶሎ ይማርዎት› ብሎ ነው የተመኘልዎት።»

ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ። ጋሼ በር ዓይናቸውን ጨፍነው ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ ይዘዋል፤ ሲተነፍሱ ካፖርታቸው ከነቁልፎቹ ከፍ ዝቅ ሲል ይታያል። የአስተናጋጆቹ አለቃም ምን እንደታየው እንጃ፣ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላጉረመረመም። መጽሐፉ እንደሆነ ከዘጠነኛው ምዕራፍ ሳያልፍ ፈተናው ደረሰ።

ፈታኟ የተቀመጠችው ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ባለችው ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ የሚለየን ሳንቃ ብቻ ነበር። የእኔ ቶሎ አልቆ ማለፌን ስለነገሩኝ ጆሮዬን ሳንቃው ላይ ለጥፌ ዋልኩ። የጋሼ በር ተራ ደረሰ። ክብርት አንድ ጥያቄ ሥራቸውን ጥለው መጥተው በማይዘጋው በሬ ፊት ለፊት ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል፤ አዳራሹ ውስጥ እሳቸው የማያውቋት ጥያቄ ልትጠየቅ ስለሆነ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ቸግሯቸዋል።

ፈታኟ ሰላም ብላ አንድ ረጅም ጥያቄ በፍጥነት ጠየቀች። እኔ መሀሉ ላይ «ጌት» የምትል ብቻ ሰማሁ። ከዚያ ጸጥ አለ። ጋሼ በር እንደለመዱት «ገባኝ» ብለው ይነቀንቃሉ፣ አለቀላቸው፣ ብዬ ጆሮዬን ይበልጥ ለጠፍኩ። ኮሪደሩ ላይ ክብርትነታቸው እጃቸውን ሳያውቁት ወደ ላይ አንስተዋል፤ ብልጭታዋን ከእኔ በቀር የሚያያት ሰው ግን አልነበረም።

ከሳንቃው ወዲያ ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማሁ። «ኤክስኪዩዝ ሚ» አሉ ጋሼ በር። «ዋን ኩዌስችን ኦንሊ። ዊች ጌት?»

ፈታኟ ሳቀች። የሳቀችው ሳቅ ግን ሰውን ወንበር ስባ የምታስቀምጥበት ዓይነት ነበር። ቀስ አድርጋ ደገመችላቸው። እንግዳው ከዚህ ተነሥቶ ባቡር ጣቢያ እንዴት ይደርሳል ነው የምትለው። ጋሼ በርም ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲዘጋጁበት የኖሩትን መልስ መለሱ።

«ታክሲ» አሉ።

አለፉ፤ በራቸው ላይ ቀሩ። ፈታኟ ስትሄድ ለሥራ አስኪያጁ፣ ያልገባውን መልሶ የሚጠይቅ ሰው ከበር ላይ አይነሣም ብላ እንደነገረችው ሰማን። ጋሼ በር ሲወጡ ክብርትነታቸው ካፖርቱን ከላይ እስከ ታች ቃኙና ሁሉም ቁልፍ ቦታው ላይ መሆኑን አይተው ወደ ምድር ቤታቸው ወረዱ።

ውጤቱ በይፋ ለሁላችንም የተነገረው በስብሰባ ነው። ሥራ አስኪያጁ አመሰገነን፣ ትምህርቱም ዓላማውን ስለመታ ተዘግቷል አለ። «ጥያቄ ከሌለ በዚሁ እንጨርስ» አለና ወረቀቱን ሰበሰበ። ቦርሳችንን አንጠልጥለን ብድግ ስንል ብልጭታዋ ታየች። እውነት እላችኋለሁ፣ ያን ቀን ማንም በረጅሙ አልተነፈሰም። ሁላችንም ተመልሰን ተቀመጥን።

ፈተናው ካለፈ፣ ፈተና የሌለበት ትምህርት መማር ይፈቀዳል ወይ ብለው ክብርትነታቸው ጠየቁ። መጽሐፉ ገና ግማሽ ላይ ነው፣ ከፊት ስንት ግስ እንዳለ አይታወቅም፤ መተኮሻ ክፍሉ ደግሞ ማታ ባዶውን ነው። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ፣ እኛን አየ፣ ማንም እንደማይነሣ ገባውና ይሁን አለ።

ጥያቄው የእኔ ነበር። ከሸሚዜ ላይ ቁልፍ በጥሼ ጠዋት ወርጄ ሰጥቻቸው ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት መምህሩ ሰሌዳው ላይ «ቴክ፤ መውሰድ» ብሎ ጻፈ። ገጹን ለመግለጥ ግን አልሞከረም። ጠመኔውን እንደያዘ ዞረና ብልጭታዋን በዓይኑ ፈለገ።